ከየበሩ ጀርባ ያሉ ክራንቾች

እናቴ እኔ የምሰጠው ሥልጠና ላይ ልትመዘገብ የመጣችው ሰኞ ጠዋት ነው። በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ በር ላይ ጠረጴዛ አውጥቼ ፎርም እያደልኩ ቀና ስል፣ ከሁለት ጎረምሶች ጀርባ ተራዋን ይዛ ቆማለች። አዲስ ደብተር ገዝታለች። መነጽሯ በማሰሪያው አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«እማዬ፣ ምን ረስቼ ሄድኩ?» አልኳት። ዕቃ ያመጣችልኝ መስሎኝ ነበር።

«ምንም አልረሳሽም። ፎርሙን ስጪኝ።»

«ሥልጠናው እኮ ለወጣቶች ነው።»

«አውቃለሁ፤ ማስታወቂያውን አንብቤዋለሁ። ወጣቶች ይምጡ ይላል እንጂ ሌላው እንዳይመጣ አይልም።»

ከኋላዋ የቆመ፣ ሸሚዙን እስከ ኮሌታው የቆለፈ ቀጭን ልጅ ጣልቃ ገባ። «ይቅርታ፣ እሳቸው ትክክል ናቸው። በግልጽ ካልተጻፈ መከልከል አይቻልም።»

«ተባረክ» አለችው እናቴ፣ ዘወር ብላ እንኳ ሳታየው።

ሰልፉ እየረዘመ ስለነበር ሰጠኋት። ዕድሜ በሚለው ሳጥን ውስጥ «በቂ» ብላ ጽፋ መለሰችልኝ።

ስለ እናቴ ጥቂት ልበል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ነበረች። ከዘበኛው እስከ ቀዶ ሐኪሙ ድረስ «አለቃ» እያሉ ነው የሚጠሯት፤ ሰፈር ውስጥም ያው ነው። ጡረታ ከወጣች ስድስት ወሯ ነው። በነዚህ ስድስት ወራት ቤታችንን ሦስቴ ገልብጣ አደራጅታዋለች። የእኔን ካልሲዎች ሳይቀር በየቀለማቸው ደርድራ ስታበቃ፣ ሦስቱ ለምን ያለ ጓደኛ እንደቀሩ ማብራሪያ ጠይቃኛለች። ቤት መዋል እንደሰለቻት ገብቶኝ ነበር። አዳራሼ ድረስ ትመጣለች ብዬ ግን አላሰብኩም።

የማሠለጥነው ማኅበራዊ ሥራ ፈጠራ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ልጆቹ በአምስት ቀን ውስጥ ሰፈር ወጥተው የሰው ችግር ይፈልጋሉ፤ በገዛ እጃቸው የሆነ ነገር ይሠራሉ፤ የሠሩትን ችግሩ ላለበት ሰው ሰጥተው ይሞክሩታል፤ ከዚያ ሥራው ራሱን ችሎ እንዴት እንደሚቀጥል ያስባሉ። ቁጭ ብሎ ማዳመጥ የለም።

ሰሌዳው ላይ የመጀመሪያውን ደንብ ጻፍኩ፦ እስከ ረቡዕ ምሳ ሰዓት ድረስ መፍትሔ መናገር ክልክል ነው። መጠየቅና መስማት ብቻ።

ጠመኔው ከእጄ ሳይወርድ እናቴ እጇን አወጣች። «መፍትሔ አለኝ» አለች።

«የምን መፍትሔ? ችግሩን ገና አልፈለግንም።»

«ምን ፍለጋ ያስኬዳል? እዚህ ሰፈር አርባ ዓመት ኖሬያለሁ። እኔ ልንገራችሁና በቶሎ ወደ ሥራ እንግባ።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን ፈራ ተባ እያለ ነበር።

ቡድን የመደብነው በዕጣ ነው። ለእናቴ የደረሷት ሦስት ልጆች ናቸው። አንደኛው ያ ኮሌታውን የቆለፈው ልጅ ነው፤ ክርክር ስለሚወድ ጓደኞቹ «ጠበቃው» ይሉታል፣ እሱም ስሙን ይወደዋል። ሁለተኛዋ ቴክኒክ ኮሌጅ ብየዳ የምትማር፣ ክንዷ ላይ የእሳት ፍንጣሪ የተወው ነጠብጣብ ያለባት ልጅ ናት፤ በያጇ ብለን እንለፍ። ሦስተኛዋ ድምጿ ከትንፋሽ ከፍ ስለማይል «ሹክሹክታ» የሚል ስም ወጥቶላታል።

ማክሰኞ ሁሉም ቡድን ወደ ሰፈር ወጣ። የእናቴን ቡድን ከሩቅ ተከተልኩት።

መጀመሪያ መድኃኒት ቤት ገቡ። እናቴ ባንኮኒው ላይ ተደገፈችና ሻጯን «የኔ ልጅ፣ አንቺን የሚያስቸግርሽ ይኼ መደርደሪያ ከፍ ማለቱ ነው፣ አይደል?» አለቻት።

ሻጯ ቀና ብላ መደርደሪያውን አየችው። ሰፈሩ ውስጥ የእሷን ያህል ረጅም ሴት የለችም። «እ... አዎ፣ አለቃ» አለች።

«ጻፍ» አለችው እናቴ ለጠበቃው።

ጫማ ጠጋኙ ጋ «ፀሐዩ ነው፣ አይደል?» ዳቦ ጋጋሪው ጋ «ሰልፉ ነው፣ አይደል?» በሄዱበት ሁሉ ሰው «አዎ፣ አለቃ» ይላል። ማን ደፍሮ እምቢ ይላታል? ሹክሹክታ ሁለቴ አፏን ከፈተች፣ ሁለቴም መልሳ ዘጋችው። እኩለ ቀን ላይ አሥራ ሁለት ችግር ጽፈው ተመለሱ። አሥራ ሁለቱም የእናቴ ነበሩ።

በያጇ ኮሪደር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። «ቡድን መቀየር ይቻላል?» አለችኝ። «እሳቸውን እወዳቸዋለሁ። ግን ሐሙስ የምበይደውን ከአሁኑ አዘውኛል። ምን እንደሆነ እንኳ አልገባኝም።»

«አንድ ቀን ታገሺኝ» አልኳት።

ረቡዕ ጠዋት ቁርስ ላይ ነገሩን አነሳሁት። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ እንቁላል እየጠበሰች ነበር።

«እማዬ፣ ሰዎቹን እኮ አልጠየቅሻቸውም።»

«ታዲያ ትናንት ግማሽ ቀን ምን ስሠራ ነበር?»

«ስትነግሪያቸው። መጨረሻው ላይ ‹አይደል› ስለጨመርሽበት ጥያቄ አይሆንም።»

መጥበሻውን ከምድጃው አወረደችው። «ሰው ችግሩን እስኪናገር ከጠበቅሽ ልብሱ ሳይታጠብ ይመሻል። እኔ ዎርዱን አንዴ ገልመጥ አድርጌ ስንት አንሶላ እንደሚያስፈልግ አውቅ ነበር። ተሳስቼ አላውቅም።»

«ሰዎቹ ግን አንሶላ አይደሉማ።»

ዝም አለች። ይኼ ብርቅ ስለሆነ ዕድሉን ተጠቀምኩበት። «ዛሬ እስከ ምሳ ሰዓት ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው የሚፈቀድልሽ። ‹እንዴት?› እና ‹ከዚያስ?› ሌላውን ልጆቹ ይጠይቁ። ከቻልሽ አንድ ወር ሙሉ ካልሲዬን ራሴ አጣጥፋለሁ።»

«አንቺ?» አለች እንቁላሉን ሳህኔ ላይ እየገለበጠች። «ይኼንንማ ማየት አለብኝ።»

የመጀመሪያው ቤት የሰዓት ሠሪው ቤት ነበር። የግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው። ከስምንት ወር በፊት ከመሰላል ወድቀው ታፋቸው ተሰብሯል፤ አጥንቱ ቢገጥምም እግራቸው ገና አልጠናም፤ ከቤት አይወጡም። እኔም ምስክር ሆኜ አብሬ ገባሁ። ሰዓት ሠሪው መስኮቱ ሥር ተቀምጠው፣ ማጉያቸውን አንድ ዓይናቸው ላይ ሰክተው የእጅ ሰዓት ፈታተው ነበር። ባለቤታቸው ውሃ አቀረቡልን። እናቴ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ፣ አፏን ሥራ ለማስያዝ ይመስል ቶሎ ቶሎ ትጎነጫለች።

ሹክሹክታ ተናገረች። ድምጿ ስለማይሰማ ሁላችንም ወደ እሷ ጎንበስ አልን፤ ሰዓት ሠሪውም ማጉያቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ።

«ሰሞኑን ከቤት መውጣት ያማርዎት ቀን ነበር?»

አሰቡ። «ቅዳሜ» አሉ። «ፀጉሬን መስተካከል አምሮኝ ነበር። ይኸው ስምንት ወር ሙሉ በመቀስ የምትቆርጠኝ እሷ ናት። እጇ ደህና ነው፤ ዓይኗ ነው እንጂ።»

«ዓይኔ ምን ሆነ?» አሉ ባለቤታቸው።

«የግራውን ጎን ረስተሽዋል።»

እናቴ ተቁነጠነጠች። አንድ ነገር ልትል ወደ እኔ አየችና ከውሃው ጋር ዋጠችው። «ከዚያስ?» አለች።

«ከዚያማ ቀረሁ። እሷን ተደግፌ ሦስት ጊዜ ሞክረን፣ ሦስቱንም ጊዜ ተያይዘን ልንወድቅ ነበር።»

የሹክሹክታ ዓይን ከበሩ ላይ አልተነሳም። ከበሩ ጀርባ ሁለት የብረት ክራንቾች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። በአንደኛው ላይ ካፖርት፣ በሌላው ላይ ጃንጥላና የገበያ ዘንቢል ተንጠልጥሏል። «እነዚያስ?» አለች።

ባልና ሚስት ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም እናቴን አዩ። ክራንቾቹን ያመጣችላቸው እሷ ነበረች። ሆስፒታሉ አሮጌ ዕቃ ሲያስወግድ ራሷ መርጣ፣ አጥባ፣ ቀለም ቀብታ፣ ተሸክማ ነው ያመጣቻቸው። ለመጣ ለሄደው ስታወራው እኔም ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

«ይረዝማሉ» አሉ ባለቤታቸው በመጨረሻ። «ብብቱን ላጡት። ሁለት ሳምንት ቅባት ስቀባው ነው የከረምኩት።»

እናቴ ፊቷ ቀላ። «ታዲያ ለምን አል...»

ጠበቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «የተፈቀዱት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው» አለ ደብተሩን እያየ።

እናቴ በረጅሙ ተነፈሰች። «እንዴት» አለች ቀስ ብላ፣ «እንዴት ሳትነግሩኝ ቀራችሁ?»

ጠበቃው ትንሽ አሰበና «ይፈቀዳል» አለ።

«መቼ ፋታ ሰጠሽን?» አሉ ባለቤታቸው። ንግግራቸው ቁጣ አልነበረበትም። «ገባሽ፣ ብብቱ ሥር ሸጎጥሽለት፣ ‹እንዴት አምሮብሃል› ብለሽ አጨበጨብሽ፣ ሳትቀመጪ ወጣሽ። ከዚያ በየሳምንቱ በአጥር በኩል ‹ክራንቹ እንዴት ነው?› ትያለሽ፤ መልሱን ሳትሰሚ ‹እሰይ› ብለሽ ትገቢያለሽ። እኛስ ምን እንበል?»

ሰዓት ሠሪው መሳቅ ጀመሩ። ትከሻቸው ጠረጴዛውን እየነቀነቀው ትንንሾቹ የሰዓት ብሎኖች ወለሉ ላይ ተበተኑ። «ለካፖርቱ ግን ልክ ነው» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «እውነቴን ነው፣ በጣም ጠቅሞናል።»

እናቴ ልታለቅስ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ በኋላ ብርጭቆውን እስክታስቀምጥ ድረስ። ከዚያ ስድስታችንም ወለሉ ላይ ተንበርክከን ብሎን ለቀምን፤ ሰዓት ሠሪው ከወንበራቸው ሆነው «እዚያ፣ ከእግርሽ ሥር» እያሉ ይመሩናል።

ስንመለስ እናቴ አዳራሹ በር ላይ ቆመችና «በአንድ ግድግዳ ተለያይተን ስምንት ወር» አለች። ቀጥላም ሰዓቷን አየች። «አሁን መናገር እችላለሁ?»

«አሥር ደቂቃ ይቀራል።»

አሥሩን ደቂቃ ጠበቀች። ሲሞላ ልጆቹን ሰብስባ እንዲህ አለቻቸው፦ «ከሆስፒታል የወጣ ክራንች ሲመለስ አይቼ አላውቅም። የዳነ ሰው ወስዶ አልጋ ሥር የሚከተው ይመስለኛል። የሚፈልገው ሰው ደግሞ አያገኝም፤ ቢያገኝም ልኩ አይሆንም። ይመስለኛል ነው የምላችሁ። ሄዳችሁ ጠይቁ።»

«እርስዎስ?» አለች በያጇ።

«እኔ በር አንኳኳለሁ። እናንተ ትጠይቃላችሁ።»

ክራንች የሌለበት መንገድ አልነበረም። በዳቦ ጋጋሪው በረንዳ ላይ አንዱ የወይን ሐረግ ደግፎ ቆሟል። ሌላ ቤት አልዘጋ ያለ መስኮት ደግፎ ይዟል። አንዲት አስተማሪ ከአልጋዋ ሥር አራት ዓመት የተኛ ጥንድ አቧራውን እያራገፈች አወጣችና «ከዳንኩ በኋላ ማየት አስጠላኝ፤ መጣል ደግሞ አሳዘነኝ» አለቻቸው። ሐሙስ ጠዋት አዳራሹ ጥግ ላይ አሥራ አንድ ጥንድና ሦስት ነጠላ ክራንች በቁመት ቅደም ተከተል ተደርድሮ ነበር። ማን እንደደረደረው መናገር አያሻም።

የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት፣ የእናቴ የቀድሞ ባልደረባ፣ መጥታ አለካኩን አሳየቻቸው። የላይኛው ጫፍ ከብብት በታች ሁለት ሦስት ጣት ይወርዳል። ክብደቱ የሚያርፈው እጅ ላይ ነው፤ ብብት ላይ ካረፈ ጉዳት አለው። በያጇ የሰዓት ሠሪውን ቁመት ለክታ፣ ክራንቾቻቸውንም ይዛ ስለመጣች መቁረጡ ብቻ ቀረ። መጋዙን ጠበቃው ያዘ። አንደኛውን ቆረጠ፤ ልክ መጣ። ሁለተኛውን ሲቆርጥ ከየትኛው ጫፍ ይለካ በሚለው ከበያጇ ጋር እየተከራከረ ነበር። ጎን ለጎን ሲያቆሟቸው አንዱ ከሌላው አራት ጣት አጠረ።

«በመርህ ደረጃ ትክክል ነበርኩ» አለ ጠበቃው።

«እንግዲያው መርህህን ተደግፈው ይሂዱ» አለች በያጇ።

እናቴ አፏን ከፈተች። ሦስቱም ዞረው አዩዋት። «እንዴት ይሻላል?» አለች።

በያጇ አዳራሹን ቃኘችው። ጥግ ላይ መቀመጫው የተገነጠለ ወንበር ነበር። ቱቦ እግሩን በሁለት ጣቷ ለካች፤ ሄዳ የተቆረጠውን ክራንች አምጥታ አፉን ገጠመችው። የወንበሩ እግር እንደ መሳቢያ ሰተት ብሎ ክራንቹ ውስጥ ገባ። አወጣችው፣ መልሳ አስገባችው፣ ፈገግ አለች።

«በየሁለት ጣቱ ቀዳዳ ብንበሳለት፣ በብሎን ብናስረው፣ ለረጅምም ለአጭርም ይሆናል። ሌሎቹንም እንቁረጣቸው።»

«የወንበሩስ ጉዳይ?» አልኩ እኔ። «የማዕከሉ ንብረት ነው።»

«ከኃላፊው ጋር እሱ ይከራከር» አለች ወደ ጠበቃው እየጠቆመች። ሄዶ ተከራከረ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተሰባበሩ ሌሎች አራት ወንበሮች ጭምር ተፈቅደውለት መጣ፤ ኃላፊው እንዲሄድላቸው ብለው ይመስለኛል።

ከሰዓት በኋላ መሰርሰሪያው ሲጮህ ዋለ። ሹክሹክታ ከአሮጌ ጎማ ክብ ክብ እየቆረጠች የእግር መርገጫ ሠራች፤ እናቴ መደገፊያውን በስፖንጅ ጠቅልላ ሰፋች። አሥር ሰዓት ላይ የሰዓት ሠሪው ግቢ ገባን። ቆሙ። በያጇ ተንበርክካ ብሎኑን አንድ ቀዳዳ ከፍ አደረገችው።

«አሁንስ?»

«አሁን የእኔ ሆነ» አሉ።

ግቢውን አቋርጠው እስከ በሩ ሄዱ። ተመለሱ። ደግመው ሄዱ። ባለቤታቸው እጃቸውን ዘርግተው ከኋላ ከኋላ ሲሉ «ተይኝ፣ ጥላሽ ነው የሚያደናቅፈኝ» አሏቸው። እናቴ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አቆላልፋ ቆማለች። አላጨበጨበችም።

ጠበቃው ነገ ሥራችንን ለዳኞች ስናቀርብ መድረክ ላይ ይውጡልን ብሎ ለመናቸው።

«ነገ ጉዳይ አለኝ» አሉ ሰዓት ሠሪው። «ፀጉሬን እስተካከላለሁ።»

እናቴ፣ ፀጉሩ አንድ ቀን ቢቆይ ምን አለበት ልትል እንደነበር ከፊቷ አነበብኩ። «ይሁና» አለች።

ዓርብ ዳኞቹ ሦስት ነበሩ፤ የማዕከሉ ኃላፊ፣ አንድ የመኪና ጋራዥ ባለቤትና አንዲት የሕፃናት መዋያ ባለቤት። ጠበቃው ሃያ ገጽ ጽፎ መጥቷል፤ ቡድኑ ድምፅ ሰጥቶ ሹክሹክታ እንድትናገር ወሰነ። ሦስት ለአንድ ነበር። ሹክሹክታ መድረክ ላይ ስትቆም ያ የሚንጫጫ አዳራሽ እሷን ለመስማት ሲል ጸጥ አለ። በአራት ደቂቃ ጨረሰች። ባለ ጋራዡ «ብሎኑም ጎማውም ወጪ አለው፤ በምን ትቀጥላላችሁ?» ሲላት አልተደናገጠችም። የቻለ ሰው ለሳምንት ትንሽ ኪራይ ይከፍላል፤ ያልቻለ ከዘመድ ቤት በር ጀርባ የቆመ ክራንች ፈልጎ ያመጣል። ፊዚዮቴራፒስቷ ደግሞ የሆስፒታሉ ክራንቾች በክፍያ እንዲስተካከሉ ለአለቆቿ ጽፋለች።

ሁለተኛ ወጡ። አንደኛ የወጡት ለአውቶቡስ ሰልፈኛ ከአሮጌ ጃንጥላ ጨርቅ ጥላ የሠሩት ናቸው፤ እውነት ለመናገር ይገባቸው ነበር። ጠበቃው ይግባኝ ሊጠይቅ ሲነሳ በያጇ በእጅጌው ጎትታ አስቀመጠችው።

ወደ ቤት ስንመለስ በፀጉር አስተካካዩ መስኮት አየናቸው። ሰዓት ሠሪው አንገታቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ታስሮ ተቀምጠዋል፤ ክራንቾቹ መስታወቱን ተደግፈዋል፤ ዙሪያቸውን የቆሙት ሰዎች በሆነ ነገር ይስቃሉ። እናቴ በሩን ለመግፋት እጇን አነሳች። ሰዓት ሠሪው በመስታወቱ ውስጥ አይተዋት ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። እሷም እጇን ወደ ሰላምታ ለወጠችውና አለፍን።

ይኼ ከሆነ አራት ወር አልፏል። ኃላፊው ከደረጃው ሥር ያለችውን ዕቃ ቤት ሰጥተዋቸው፣ ልጆቹና እናቴ ማክሰኞና ሐሙስ ይከፍታሉ። የሥራው ኃላፊ በያጇ ናት፤ ድምፅ ሰጥተው መረጧት፣ እናቴም እጇን አውጥታላታለች። የእናቴ ድርሻ መዝገቡ ነው። የጎረቤት ከተማ ሆስፒታልም ልጆቹን አሠራሩን እንዲያሳዩት ጠርቷቸዋል፤ ጉዞው ላይ ማን መስኮት አጠገብ ይቀመጥ በሚለው እስካሁን አልተስማሙም።

ባለፈው ሐሙስ እናቴን ለምሳ ልጠራት ሄድኩ። እግሩ በጄሶ የታሸገ የአውቶቡስ ሾፌር ፊት ለፊቷ ተቀምጧል፤ እንዴት እንደወደቀ ይነግራታል። ታሪኩ ገና የወደቀበት ደረጃ ላይ እንኳ አልደረሰም። «እማዬ፣ ምሳ...» ብዬ ስጀምር፣ ዓይኗን ከሾፌሩ ሳትነቅል በእስክሪብቶዋ ወደ አግዳሚው ጠቆመችኝ። ሁለት ሰዎች ተራ ይዘው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩና የሾፌሩን ታሪክ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።